ማረሻ የነካው ጥንታዊ መቃብር እንዳይደበቅ

እርከን ሲሠራ ወይም ድንጋይ ሲለቅም ዙሪያው በጠፍጣፋ ድንጋይ የታጠረ፣ ከላይም በድንጋይ የተከደነ ጥንታዊ መቃብር ያገኘ አርሶ አደር በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ታሪክ ሳይሆን ስለ መሬቱ ነው። «ባመለክት ማሳዬን ይወስዱብኛል» ብሎ ይሰጋል። አፈሩን መልሶ ያርስበታል፤ ካልሆነም ድንጋዩን ለካብ ያውለዋል። በእርሱ መፍረድ ቀላል ነው፤ ሥጋቱን ማስወገድ ግን የወረዳው ሥራ ነው።

እንዲህ ያሉ መቃብሮች በአገራችን በብዙ ቦታ አሉ። በጨርጨር ተራሮች በቆሙ ጠፍጣፋ ድንጋዮች የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ ናቸው። በሰሜን ሸዋና በመንዝ ደግሞ ተመራማሪዎች «የሻይ ባህል» ያሏቸው፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚደርሱ የድንጋይ ጉብታ መቃብሮች ተጠንተዋል። ከሟቾቹ ጋር ሸክላና ከባሕር ማዶ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ተገኝቷል። ይህ ሕዝብ በጽሑፍ የተወልን ነገር የለም። ታሪኩ የሚነበበው ዕቃው ከአጥንቱ ጋር ከተቀመጠበት ሁኔታ ነው። ዶቃው ከቦታው ተለቅሞ ገበያ ከወጣ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያመለክትና ሳይነካ እንዲጠብቅ ያዛል። ላገኘው ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪም እንዲተካለት ይደነግጋል። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ለክልሉ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። ለመሥሪያ ቤት 6 ወር አጭር ሊሆን ይችላል። በሰኔ ላመለከተ አርሶ አደር ግን ከዘር እስከ አጨዳ ያለው ጊዜ ነው። ማሳው ጦም አድሮ ባለሙያ እስኪመጣ ይጠብቅ ከተባለ፣ ጎረቤቱ ያገኘውን መቼም አይናገርም።

ስለዚህ ወረዳዎች አዲስ መመሪያ ሳይጠብቁ ሊሠሩት የሚችሉት አለ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወሬውን በሰማበት ቀን ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ያድርስ። ጽሕፈት ቤቱም በሳምንት ውስጥ ቦታውን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ በችካል ይከልል። መቃብሩ የሚይዘው ጥቂት እርምጃ ነውና ቀሪው ማሳ ይታረስ። ይዞታው የአርሶ አደሩ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ በእጁ ይሰጠው፤ ላልተዘራበት ቁራጭ መሬትም ካሣ ይታሰብለት። የተፋሰስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቆ፣ የጥንት ድንጋይ ያለበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ለእርከን የሚሆን ድንጋይ ከሌላ ቦታ ይገኛል፤ የፈረሰ መቃብር ግን አይመለስም።

አርሶ አደሮችም ክዳኑን አታንሡ። ወርቅ አለበት የሚለው ወሬ ብዙ መቃብር አስቆፍሯል፤ ቆፋሪው የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ አጥንትና የሸክላ ስባሪ ነው። ተከፍቶ ካገኛችሁት ዝናብና ከብት እንዳይገባበት ከልላችሁ፣ ምስክር ይዛችሁ ለቀበሌ አመልክቱ። ያመለከታችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀትም ሳትቀበሉ አትመለሱ፤ የ6 ወሩን ቆጠራ የምታስረዱት በእርሱ ነው።