የጣልያን ገላ፣ የአሜሪካ ልብ

የላፍቶው ጠያቂያችን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ ሲያርፉ የተዉት አሮጌ ፊያት 124 ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ሞተሯ አልቆላታል። መካኒኩ «የቶዮታ ሞተር እንግጠምላት» ይለዋል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ «ሞተሯ ከወጣማ የአባባ መኪና መሆኗ አበቃ፤ እንሽጣት» ብሎ አኩርፎታል። «ምን ይሻለኛል?» ሲል ጠይቆናል።

ወንድሜ፣ አይዞህ! ሞተር መዋስ ነውር ቢሆን ኖሮ ኢዞ ግሪፎ የምትባለው የጣልያን ስፖርት መኪና ዛሬ ስሟ ባልተነሳ ነበር። ሬንዞ ሪቮልታ ሚላኖ አጠገብ፣ ብሬሶ ውስጥ፣ ፍሪጅና ሞተር ሳይክል ያመርት የነበረ ሰው ነው። እንቁላል የምትመስለውን ትንሿን ኢዜታ በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣው የእሱ ፋብሪካ ነው። በኋላ ከእነ ፌራሪ ጋር ልፎካከር ሲል ግን አዲስ ሞተር ልፍጠር ብሎ አልደከመም። የሸቭሮሌ ኮርቬትን ስምንት ሲሊንደር፣ 5.4 ሊትር ሞተር ከአሜሪካ ገዛ። ጉልበቱ የሚያስፈራ፣ ለጥገና የማያስቸግር! ቅርጿን በርቶኔ ቤት ይሠራ የነበረው ወጣቱ ጁጃሮ ነደፈው፤ ሻንሲዋን የቀድሞው የፌራሪ መሐንዲስ ቢዛሪኒ አበጀው። በ1963 ቱሪን ላይ ታየች፤ እስከ 1974 የተሠሩት ከአራት መቶ ብዙም አይበልጡም።

ልብ በል! ሬንዞ በ1966 ሲሞት ፋብሪካውን የተረከበው ልጁ ፒየሮ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። እሱም በ1972 የአባቱን ሸቭሮሌ ትቶ የፎርድ ሞተር ገጠመ። ግሪፎ ግን ግሪፎ መሆኗ አልቀረም።

ነገር ግን ሰዎቹ ሞተር ዝም ብለው አልጎረሱም። ሻንሲውን ለጉልበቱ አዘጋጁ፤ አራቱንም ጎማ በዲስክ ፍሬን ያዙ። አንተም መካኒክህን ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ካምቢዮውና ስለ ራዲያተሩ ሳትጠይቅ ቀብድ አትስጥ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ስለዚህ ወረቀት የሌለው ሞተር በነፃ ቢሰጡህ እንኳ አትቀበል፤ ለውጡንም አስመዝግብ።

ከሁሉ በፊት ግን ሊብሬው በአባትህ ስም ከሆነ ወንድምህም ወራሽ ነው። እሱ ሳይስማማ ካቻቢቴ አታስነሳ። ያኮረፈው ስለ ሞተሩ ነው ወይስ ስለ ድርሻው? ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ድርሻው ከሆነ ቀስ በቀስ ክፈለው። ኀዘኑ ከሆነ ደግሞ የወጣውን ሞተር ለቁራሌው እንዳትሰጥ፤ ዘይት ቀብተህ አስቀምጥለት። የአባት ዕቃ የሚከበረው ግቢ ቆሞ ሲዝግ ሳይሆን፣ እናታችሁን ጭኖ ጎፋ ገብርኤል ሲያደርስ ነው።