ገና ችካል ላይ ሳለን

እኩዮቼ ሆይ፣ ልጆቻችን የቤት ማኅበሩን እንድንመራ የመረጡን ጠጉራቸው ሲሸብት ችኮላም አብሮ ርቋቸዋል ብለው ነው፤ እኛ ግን በሽንሸናው ፕላን ላይ አጎንብሰን የምንነጋገረውን ስሰማ ልቤ ይፈራል። የውስጥ መንገዱ ሰፍቷልና ይጥበብ፣ ለጋራ የተተወው ሜዳ ለሁለት ይከፈል፣ ያ ቦይ እንደሆነ ደረቅ ነው፣ ዳርና ዳሩን ጥቂት ቦታ ይወጣዋል እየተባለ፣ የተመዝጋቢውን ብዛትና የምድሪቱን ስፋት ለማስታረቅ ሲባል የማይነካ ነገር ጠፋ። ዘመኑን ሁሉ በኪራይ ቤት የኖረ አባል ፊት ቆሞ ቦታ የለም ማለት ጭካኔ እንደሚመስል አላጣሁትም። የባሰው ጭካኔ ግን ዕጣው ወጥቶ፣ ካርታው ታድሎ፣ ሰው ያለውን ሁሉ መሬቱ ላይ ካፈሰሰ በኋላ የሚገለጠው ነው።

ድሬዳዋን የሚያውቅ የደቻቱን ወንዝ ያውቃል። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ መንገደኛ ያቋርጠዋል፣ ነጋዴ ይዘረጋበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፤ እንዲህ ሲያየው ለኖረ ሰው ዳርቻው ጌታ ያጣ ባዶ መሬት ይመስለዋል። ውኃው ግን የሚወለደው ከተማው ውስጥ አይደለም፤ በደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ተሰብስቦ በድንገት የሚወርድ ደራሽ ነው። በሐምሌ 1998 መገባደጃ ሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ፣ ሺዎችንም ያለ መጠጊያ ጥሎ አለፈ። እኔ ከዚያ ወዲህ ቦይ ደረቅ ነው የሚለኝን ሰው የምጠይቀው በየትኛው ወር እንዳየው ነው። የእኛን ቦይ ደግሞ ያየነው በየካቲት ነው። እንጦጦ ላይ የዘነበው ወደ አቃቂ ሲወርድ በእኛ ሰፈር ማለፉ አይቀርም፤ ዛሬ ሣሩና ማሳው የሚጠጣውን ነገ ቆርቆሮውና ሲሚንቶው አይጠጡለትም፣ ስለዚህም ቦዩ አምና ከተሸከመው ይልቅ ከርሞ የሚሸከመው ይበዛል፤ እኛ ደግሞ በዚያው ልክ እናጠበዋለን።

መንገድ ሲጠብ የሚቸገረው መኪና ያለው ብቻ ይመስለናል። የእሳት አደጋ መኪና ገብቶ መዞር ካልቻለ የሚቃጠለው የሁሉም ቤት ነው፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚመጠው ቦቴም አንገቱን አስገብቶ የሚመለስ ከሆነ ክረምት በገባ ቁጥር ሰፈሩ አፍንጫውን ይዞ ይኖራል። ሜዳውን ቆርሰን ከጨረስን የእድሩ ድንኳን የሚተከለው መንገዱ ላይ ነው፤ ለቅሶው እስኪያልቅ መውጫ በመጥፋቱ ምጥ የያዛት ሴት በሰው ትከሻ ወደ አስፋልት ትወጣለች። ደግሞስ፣ እንነጋገር ከተባለ፣ እኛ ድንኳኑ ሊተከልላቸው ከቀረቡት ወገን ነን።

ሐምሌ 1967 ላይ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሲሆን አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቅዶ ነበር፤ ያን ስፋት ዛሬ የሚያልመው የለም፣ እኔም ይመለስ አልልም። ቦታው ጠበበ ብሎ የሚያለቅስ ግቢውን ቀንሶ ይኖራል፤ የጠበበ መንገድ ግን በሁለቱም ወገን አጥር ከተገነባ በኋላ ማን ያሰፋዋል? ካሳው ከየት ይመጣል፣ የማን አጥር ቀድሞ ይፈርሳል እየተባለ ጎረቤት ከጎረቤት ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይተናል። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ሲገባ ከዚራ ሰፈር ላይ የተቀየሰው ቀጥ ያለ ጎዳና ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ቀያሾቹ አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው፣ በዛፉ ጥላ ግን የማያውቋቸው ሰዎች ተጠለሉ።

እኛ ገና ችካል ላይ ነን፤ ችካል ደግሞ በእጅ ይነቀላል። መሬት ላልደረሰው አባል ቦዩን ከመሸንሸን ይልቅ ጥቂቶች በኅብረት ፎቅ የሚሠሩበትን ቦታ ለይተን ብንሰጥ ይሻላል፤ ቅሬታ ይኖራል፣ እሱን ቁጭ ብለን እንሰማለን። ዕጣው እስከ መስከረም ይቆይ። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ አንድ ቀን ጃንጥላችንን ይዘን ከቀያሹ ጋር እንውረድና ውኃው የት የት እንደሚያልፍ እንይ፤ ችካሉንም እዚያው፣ እሱ ካለፈበት ወዲህ እንመልሰው።