ልዋጭ የወሰደው ሸክላ

መጋላ ውስጥ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። «ሸክላዎቻችንን ፈረንጅ ዘረፈን!» ትላለች። የምትመጣበት ሰዓትም የታወቀ ነው፤ ምርቃናው ደርሶ ሁሉም ሰው የባህል ሚኒስትር ሲሆን። አንዱ የሙላቱ አስታጥቄን ስም ያነሳል። ሌላው አንድ የድሮ ሸክላ ፓሪስ ውስጥ በስንት እንደተሸጠ ይናገራል። ሦስተኛው «አቦ ተወን፣ እነሱ ድሮም እንዲህ ናቸው» ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ሁላችንም እንደተዘረፍን ወደየቤታችን እንበተናለን።

እኔ ይቺ ዐረፍተ ነገር ሰልችታኛለች። ምክንያቱም ውሸት ናት። አልተዘረፍንም። የተዘረፈ ሰው በሩን ተሰብሮ ነው የሚያገኘው። እኛ ግን በሩን ራሳችን ከፍተን፣ «ልዋጭ!» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረውን ልጅ ጠርተን፣ ሸክላውን ከአሮጌ ጫማና ከነደለ ድስት ጋር አስረክበን፣ ባልዲ የተቀበልን ሰዎች ነን። ከልዋጭ የተረፈውን ልጆች ደቻቱ አሸዋ ላይ እያሽከረከሩ ወርውረውታል። ትልቁ ሸክላ ደግሞ ለከሰል ማራገቢያ እንደሚመች በዓይኔ ያየሁት ነው። እውነትም ይመቻል፤ ቀላል ነው፣ አይታጠፍም፣ መሃሉ ላይ ያለችው ቀዳዳም ምስማር ላይ ለመስቀል የተሠራች ትመስላለች።

ስለየትኛው ሸክላ እንደማወራ ለወጣቱ አንባቢ ልንገር። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ወጣት ይህን ጥሶ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀርጾ፣ ማተሚያ እዚህ ስላልነበረ ውጪ አገር አሳትሞ አመጣ። ከዚያ በኋላ ዓሊ አብደላ ካይፋ፣ ሰዉ «ዓሊ ታንጎ» የሚለው፣ በራሱ ስም ማሳተም ያዘ። የፊሊፕስ ኩባንያም ነበረበት። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ሽለላውን ያስቀረጸበት ሸክላ በ1972 የወጣው በፊሊፕስ ነው። ሙላቱም በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ላይ አንዱን ትልቅ ሸክላውን አወጣ። ሁሉም ነገር ከአሥር ዓመት አይበልጥም። አምሃ በ1975 አሜሪካ ሲገባ ቁጭ ብሎ ቢቆጥር፣ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች 103፣ ትልልቆቹ ደግሞ አንድ ደርዘን ያህል ነበሩ።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ትንሽ ሸክላ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ገደማ ነው። 103 በሁለት፣ ከዚያ በአራት ሲባዛ 824 ደቂቃ ይመጣል። አሥራ አራት ሰዓት እንኳ አይሞላም! ዓለም ሁሉ «ወርቃማው ዘመን» የሚለው፣ እኛም ደረታችንን የምንነፋበት ነገር፣ አምሃ ያወጣቸው ትንንሽ ሸክላዎች በሙሉ፣ በሦስት በርጫ ተሰምተው ያልቃሉ። ይህቺን ታህል ነው መጠበቅ ያቃተን።

ለምን አቃተን ቢባል፣ ድንቁርና አይደለም። ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊ መጣ፣ የማታው ሙዚቃ ተዳፈነ፣ ካሴት ደግሞ ገባ። ካሴት ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ተገልብጦ ይባዛል፣ መርፌ አይፈልግም። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ሲያልቅ ሌላ ከየት ይመጣል? እኛ ደግሞ የኮንትሮባንድ ከተማ ልጆች ነን፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ አሮጌውን በመጣል ማንም አይቀድመንም። በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። በግንቦት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጋድሞ የተደራረበ ሸክላ እንደ እንጀራ ጠርዙ ይነሳል። መርፌው ላዩ ላይ ሲሄድ እንደ ግመል ይወዛወዛል። ይህ ሁሉ ምክንያት ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ጥሎ ሲያበቃ «ተዘረፍኩ» የሚለው ነው።

ፈረንጁ ምን አደረገ? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ በማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ልቡ ተነካ። ይህ ሙዚቃ በ1986 ብራስልስ ላይ በድጋሚ ወጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርዕስ ተከታታይ ሲዲዎች ማውጣት ያዘ። ሰዎቹን ፈለገ፣ ጠየቀ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ ጻፈ። በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ዜማ ሲያሰማ የዓለም ጆሮ ቆመ። ማን ስንት ተከፈለው የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ባለመብቶቹ ይጠይቁ። ሥራው ግን የኛ ሥራ ነበር። ሌላ ሰው ሲሠራልህ የምትለው «ሌባ» ሳይሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ ቢያንስ ዝም ይባላል።

እኔ የምጣላው ከሌላ ነገር ጋር ነው። የፋልሴቶን ዝርዝር የራሳችን ትዝታ አድርገነዋል። ያ ዝርዝር የአንድ ሰው ጆሮ ነው። የአዲስ አበባን ማታ፣ የክቡር ዘበኛንና የፖሊስን ጡሩምባ፣ የዋሊያስን ኦርጋን ይወዳል፤ መብቱ ነው። ዓሊ ቢራ በዚያ ተከታታይ ውስጥ ራሱን የቻለ ሲዲ ያገኘው በስንተኛው ነው? በ28ኛው፣ በ2013! ከደቻቱ ማዶ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ቁጥር ነው።

ዓሊ የድሬ ልጅ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ገና ስሙን ሳትሰማ፣ «አፍራን ቀሎ» የሚባለው ቡድን እዚሁ ከተማ በሠርግና በዐረፋ በኦሮምኛ ይዘፍን ነበር። መንግሥት አልወደደውም፤ ቡድኑ ተበተነ። ዓሊ አዲስ አበባ ሄዶ ክቡር ዘበኛ ገባ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ ላይ የቀረጻቸው ዘፈኖች ከመጀመሪያዎቹ የኦሮምኛ ሸክላዎች ይቆጠራሉ። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛ የዘፈነ ሰው ነው። ይህን ለማወቅ መጋላ 28ኛውን ሲዲ መጠበቅ ነበረባት? የሚያበሽቀኝ ደግሞ ይኸው፦ እዚሁ ከተማችን አንድ ሆቴል ገብቼ፣ «እስቲ የዓሊን አንድ አሰማን» ብለው አስተናጋጁ «ለእንግዶች ኢትዮ ጃዝ ነው የሚከፈተው» አለኝ። ፈረንጅ ለሚወደው የኛ ሙዚቃ የኛን ሙዚቃ ዘጋው። ዘረፋ ካላችሁ ይሄ ነው ዘረፋ፤ ዘራፊው ግን ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ ነው።

ነገሩ በዓሊም አያበቃም። በልጅነቴ የማውቀው አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ቤት መደርደሪያ ነበረ። ከላይ ጥላሁን ገሠሠ፣ ከጎኑ ዓሊ ቢራ፣ ከዚያ የሱዳኑ መሐመድ ወርዲ፣ የግብጿ ኡም ኩልሱም፣ የሕንድ ፊልም ዘፈኖች፣ የፈረንሳዩ ጆኒ ሃሊዴይ፣ ከሥር ደግሞ አሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ ጂም ሪቭስ። ጂም ሪቭስ መጋላ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጋላን አያውቃትም። በዚያ ቤት ማታ ሻይ ሲፈላ ወርዲ ይጮኻል፣ ጂም ሪቭስ ይከተላል፣ ማንም «ይሄ የኛ፣ ይሄ የእነሱ» አይልም። ዛሬ ሸክላ ገዢ ሲመጣ ከዚህ መደርደሪያ ሦስት መርጦ ይወስዳል፤ ሦስቱ ውጪ አገር በመቶዎች ዶላር፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ስለሚሸጡ። የቀረውን «ዋጋ የለውም» ብሎ ይተወዋል። ቤተሰቡም ዋጋ የለውም ከተባለ ይጥለዋል። ሦስቱ ሸክላዎች ፓሪስ ላይ በክብር ይኖራሉ፤ ለነሱ አልሰጋም። የሞተው መደርደሪያው ነው። የአንድ የባቡር ሠራተኛ ቤት በአንድ ምሽት በስንት ቋንቋ ይሰማ እንደነበር የሚመሰክረው መደርደሪያው ነበር። እሱን ደግሞ ማንም ፈረንጅ ሊሰበስብልን አይችልም፤ ለሱ ኡም ኩልሱም ካይሮ ሞልታለች።

«ድሃ አገር ነን፣ ከሸክላ በፊት ስንት ነገር አለ» የሚለኝ አይጠፋም። አውቃለሁ። በ2006 ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ ሸክላ የቆጠረ አልነበረም፤ መቁጠርም አልነበረበትም። ግን ድህነት ሰበብ ከሆነ ሀርጌሳን ምን እንበላት? በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ናት። በ1988 በአውሮፕላን ስትደበደብ የሬድዮ ሀርጌሳ ሰዎች የሙዚቃ ክሮቹን መሬት ቆፍረው ቀበሯቸው፣ የተቻላቸውንም ድንበር አሻገሩ። ዛሬ የከተማዋ የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴት ይዞ፣ እየገለበጠ፣ እየመዘገበ ነው። ዓለም በወጉ እውቅና ያልሰጣት አገር ናት እንግዲህ። እኛ በአውሮፕላን አልተደበደብንም፤ በባልዲ ነው የተሸነፍነው።

ኃይሉ መርጊያንም ተመልከቱ። የዋሊያሱ ኦርጋን ተጫዋች ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። በ1985 የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ከአሮጌ ካሴት መሃል አገኘው። አሜሪካዊው ሰውየውን አፈላልጎ ደወለለት፤ በ2013 ካሴቱ እንደገና ወጣ፤ ኃይሉም ዓለም እየዞረ ሲጫወት ዓመታት አለፉ። ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት ስንት ሰው በእጁ አገላብጦ አልፎታል? ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ሁላችንም ቆመን ነበር፤ ስልክ ያነሳው ግን አንድ እንግዳ ነው።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ከዚራ ያለው የድሮው ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንድ ክፍል፣ አንድ ደህና ማጫወቻ ከነመርፌው፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ትዕግሥት ያለው ልጅ። ሸክላ ያለው ሰው ያመጣል፣ ልጁ ይገለብጣል፣ ባለቤቱ ሸክላውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መግዛት እንኳ አያስፈልግም። ከሸክላው ጋር ታሪኩ ይመዘገባል፦ ከማን ተገዛ፣ ለማን ሠርግ ተከፈተ፣ ጎኑ ምን ነበረ። ሕግ አይከለክልም፤ በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ለጥበቃ ሲባል ቅጂ የማውጣት ቦታ ትቷል። ይህንኑ ጽፌ አንድ ጽሕፈት ቤት ይዤ ሄጄ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ልተወው። «በዓመታዊ ዕቅዳችን ውስጥ የለም» ተባልኩ። «ለሚቀጥለው ዓመት አስገቡዋ!» ስል፣ «ለሚቀጥለው ዓመት ለማስገባት በዚህ ዓመት ዕቅድ ውስጥ መኖር አለበት» አሉኝ። ደግመው እንዲነግሩኝ ጠየቅኩ፤ ደገሙልኝ።

የሚቀጥለው ዓመት ሲሉኝ ደግሞ የማስበው ሌላ ነገር ነው። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በ2021 ሄዱ። ዓሊ ቢራ በ2022 ሄደ። በትንንሾቹ ሸክላዎች ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የዘፋኙና የባንዱ ስም እንጂ ጊታሩን ማን እንደያዘው አልተጻፈም። ያንን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከነሱም መሃል መጋላ ውስጥ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ አሉ። እንደ ድሬ ወግ «አንተ» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ አንቱታ አይፈልጉም፣ ጠያቂ ነው የሚፈልጉት።

አሁን ይህን በምጽፍበት ሳምንት፣ ሁላችንም አዴ የምንላት ጎረቤታችን ባሏ የተወላትን ካርቶን ከአልጋ ሥር አውጥታለች። ስልሳ ያህል ሸክላ አለው፤ ወርዲም ጂም ሪቭስም አሉበት። ከአዲስ አበባ አንድ ገዢ ደውሎ ከረመዳን በኋላ እመጣለሁ ብሏታል። «አዴ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ የሚገለብጥ ሰው እንፈልግ» አልኳት። «ወርያ፣ እናንተማ በርጫ ላይ ስትፈልጉ ስንት ዓመታችሁ!» አለችኝ። የዓሊን ሁለቱን ለይታ ትራሷ ሥር አድርጋለች። የቀረው ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።