ጠጁ ስኳር ሲሆን ጧፉም ነጣ

ነሐሴ 12 ማታ፣ የደብረ ታቦር ዋዜማ። ልጆቹ ችቦ ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ እኔ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ ከዘረጉ እናት ፊት ቆሜያለሁ፤ ስለት አለብኝ። አንድ እስር አንሥቼ አሸተትሁ። ማር ማር አይልም።

«እማማ፣ ሰም ነው?»

«የምን ሰም ልጄ! የፋብሪካ ነው። ሰም ካሻህ ጥቅምት ሲወጣ ና፤ እሱም ከተገኘ።»

እኒህ እናት አልዋሹኝም። አምና ግን «ንጹሕ የማር ሰም» ብሎ አንዱ በእጥፍ ዋጋ የሸጠልኝ ጧፍ ገና ሳይጋመስ ጎብጦ ነጠላዬ ላይ ተንጠባጠበ፤ ጭሱም የኩራዝ ጭስ ነበር።

ወቅቱም አንድ ነገር ነው። በእኛ ደጋ ዋናው ማር የሚቆረጠው አደይ አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። የነሐሴ ሰም ካለም የከረመ ነው። የነገሩ ሥር ግን ያለው ጠጅ ቤት ነው። ማር ከነእንጀራው በውኃ ሲበጠበጥ ሰሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለሚሰፍፍም ሰፈፍ ተባለ። ሰፈፉ ተለቅሞ ይቀቀላል፣ በጨርቅ ተጨምቆ ይጠለላል፣ ሲረጋ ቢጫ ድብልብል ይሆናል። ጧፍ ሠሪዋ አለስልሳ የጥጥ ፈትል ላይ ታለብሰውና ጣውላ ላይ በመዳፏ ታንከባልለዋለች። እንግዲህ ጠጁ የስኳር ሆነ። ስኳር ደግሞ ሰፈፍ የለውም። ጠጅ ቤት የተጀመረው ማጭበርበር መቅደስ ገባ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ዘመናዊው ቀፎም እጁ አለበት። ከባህላዊው ቀፎ እንጀራው ከማሩ ጋር ተቆርጦ ይወጣል፤ በዘመናዊው ማሩ በማሽን ተሽከርክሮ ይወጣና እንጀራው ለንቦቹ ይመለሳል። አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦች ብዙ ኪሎ ማር ስለሚበሉ መመለሱ ብልህነት ነው፤ ለጧፍ የሚተርፍ ግን እምብዛም የለም። ጭራሽ ፍሬሙ ላይ የሚለጠፈው የታተመ ሰም ራሱ ሰም ይፈልጋል። የፋብሪካው ሰም፣ ፓራፊን፣ ከተቀላቀለበት በሙቀት ይለምጣል፣ ንቦቹም ይሸሹታል። ንብ የናቀችውን እኛ ለታቦት እናበራለን! ያውም በአፍሪካ ቀዳሚ የሰም አምራች በሆነች አገር።

ፓራፊን ይከልከል አልልም። ከነዳጅ ይውጣ እንጂ መብራት ሲጠፋ እኔም የማበራው እሱን ነው፤ ለድሃ ስለትም ይደርሳል። ከእኒያ እናትም አሥር ገዝቼ ገባሁ። እኔን የሚያናድደኝ በሰም ስም መሸጡ ነው።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ኅዳር ሳያልቅ ከገጠሩ ማር ቆራጭ ሰሙን ቀድማችሁ ግዙ። ጧፍ ነጋዴዎችም ሁለቱን ለየብቻ ዘርጉልን፤ የቱ የቱ እንደሆነ እንደ እኒያ እናት ንገሩን።