የበዓል ተረኛው ከመርከቡ ይቅደም

በገና ዋዜማ ወደ መቱ መናኸሪያ የሚገቡ አውቶቡሶች ናፍቆት ጭነው ነው የሚመጡት። በጅማና በበደሌ አድርጎ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ልጅ ከመኪናው ሲወርድ እናት አቅፋ ትስመዋለች፤ አባት ሻንጣውን ይቀበለዋል። በዚያው ምሽት በመቱም፣ በጎሬም፣ በያዩም፣ በቡሬም ስልክ ብቻ የሚጠብቁ ቤቶች አሉ። «ግዳጅ ላይ ነን፤ ለበዓሉ አልደርስም፤ እናንተ በደህና ዋሉ» የሚል አጭር ቃል ይሰማል። ድፎ ዳቦው ሲቆረስ የዚያ ልጅ ድርሻ ሳይነካ ይቀመጣል። ወታደር የወለደ ቤት ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ኢሉባቦር ደግሞ ለሠራዊቱ ልጆቿን ስትሰጥ የኖረች አገር ናት።

ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደገና በማደራጀት ላይ ባለችበት በዚህ ጊዜ፣ በዓልን በግዳጅ ላይ ከሚያሳልፉት መካከል ባሕረኞችም ይቆጠራሉ። የዚህ ጋዜጣ አቋም የሚከተለው ነው። በበዓል ቀን ለግዳጅ የተጠራ ባሕረኛ የአገር ባለዕዳ ሳይሆን አገር የእሱ ባለዕዳ ናት። ስለዚህ በመከላከያ በጀት ውስጥ ለሰው የሚወጣው ገንዘብ ለመርከብ ከሚወጣው ይቅደም። ለመርከብ የሚወጣውም ገንዘብ ሳይመረመር አይውጣ። ባሕር ኃይል ይኑረን ባዮች ስለሆንን ነው ይህን አጥብቀን የምንናገረው።

ከባሕር ርቃችሁ ተቀምጣችሁ ስለ ባሕር ምን አገባችሁ የሚለን ቢኖር የራሳችንን ታሪክ እናስታውሰዋለን። ጋምቤላ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን ኢሉባቦር የራሷ ወደብ ነበራት። በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። በውኃ ሙላት ወራት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የጎሬንና የአካባቢውን ቡና ይጭኑ ነበር። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት በነዚያ ወራት መካከል ነው። ውኃው ሳይጎድል ጭነቱ መውጣት ስላለበት፣ ደመራ ሲለኮስ ከቤቱ ርቆ ጆንያ የተሸከመ ሰው ብዙ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ወንዝ በዓል አይጠብቅም። ባሕርም እንደዚያው ነው።

ዛሬም ኑሯችን ከባሕር ጋር የተሳሰረ ነው። ቡናችን በጅቡቲ በኩል ወደ ዓለም ይወጣል፤ የበቆሎ ገበሬያችን የሚጠብቀው ማዳበሪያ በዚያው በኩል ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር በቀይ ባሕር ላይ «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችው የጭነት መርከብ ስትጠለፍ 25 መርከበኞቿ በየመን ታግተው ቆዩ። የተለቀቁት በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ሁለት የገና በዓላት በእገታ አለፉባቸው። በዚያው ሰሞን ብዙ የንግድ መርከቦች የቀይ ባሕርን መንገድ ትተው አፍሪካን ለመዞር ተገደዱ፤ የማጓጓዣ ዋጋም ናረ። ያ ዋጋ በመጨረሻ የሚያርፈው ባሕር አይቶ በማያውቅ ገበሬ ትከሻ ላይ ነው። የባሕር ጥበቃ የመቱም ጉዳይ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

በበዓል የሚሠራ ሰውም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገና ሌሊት በመቱ ካርል ሆስፒታል የምታድር ነርስ አለች። በሶር ወንዝ ኃይል ማመንጫ ማሽኑን ሲጠብቅ የሚያነጋ ተረኛ አለ። እነሱን አይቶ የበዓል ግዳጅ ይቅር የሚል የለም። ጥያቄው ግዳጁ በምን ምክንያት ተሰጠ፣ ለስንት ጊዜ ተሰጠ፣ በምንስ ተካሰ የሚለው ነው። የአሜሪካው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ «ጄራልድ ፎርድ» በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት ወር ወጥቶ፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሲነሣ ቆይታው ደጋግሞ ተራዝሞበት፣ መርከበኞቹ ገናን በባሕር ላይ አክብረው ወደ ቤታቸው የተመለሱት በጥር አጋማሽ ነበር። በሀብት ተወዳዳሪ የሌለው ባሕር ኃይል እንኳ ተተኪ በወቅቱ ሳያዘጋጅ ሲቀር የሚከፍለው ከመርከበኛው የቤተሰብ ጊዜ ነው። ለድንገተኛ አደጋ የሚሰጥ የበዓል ግዳጅ ክብር ነው። በዕቅድ ጉድለት የሚመጣው ግን የአለቃን ጥፋት በበታች ላይ መጫን ነው።

በሕጋችን ውስጥ ለዚህ መነሻ የሚሆን መርህ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን ተጨማሪ ሥራ የሠራ ሠራተኛ የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈለዋል። በበደሌ ቢራ ፋብሪካ በጥምቀት ዕለት ማሽን ላይ የቆመ ሰው ይህን መብቱን ያውቃል። ሠራዊቱ ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው፤ መሆንም አለበት፤ የወታደር ግዳጅ በሰዓት አይለካም። በዓል የሰው የራሱ ቀን ነው፤ የወሰደው ወገን ይተካው የሚለው የአዋጁ መንፈስ ግን ለፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ለባሕረኛው በገንዘብ መተካት ባይቻል በፈቃድ ይተካ። በፈቃድ ባይሆን በዝውውር፣ በሕክምና፣ በልጆቹ ትምህርት ይተካ። ጨርሶ ሳይተካ መቅረት ግን የለበትም።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ አያስኬድም። በጥር 2014 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከ786.6 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተመደበ። ጦርነት ላይ ነበርን፤ ወጪው ለምን ከፍ አለ ብለን አንከራከርም። ሕዝቡ የሚሰማው ግን አንድ ድምር ብቻ ነው። ከዚያ ድምር ውስጥ ምን ያህሉ ለስንቅና ለደመወዝ፣ ምን ያህሉ ለቆሰለው ሕክምና፣ ምን ያህሉ ለብረት እንደ ወጣ ሳይታወቅ ቅድሚያ የተሰጠው ለማን ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ለብረት ቅድሚያ ሲሰጥ የሚሆነውን ለማየት ደግሞ ኢሉባቦሮች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ያዩ ቅርብ ነው። በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁሉም በአጭር ስሙ ሜቴክ የሚለው፣ ከያዩ የድንጋይ ከሰል በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ሊገነባ ተነሣ። ሥራው በ2004 ዓ.ም. ሲጀመር በሁለት ዓመት ያልቃል፣ ወጪውም 11 ቢሊዮን ብር ያህል ነው ተባለ። ገበሬ ከመሬቱ ተነሣ፣ ብድር ተወሰደ፣ ዓመታት አለፉ። ግንባታው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ውሉ ተቋረጠ። ያዩ ላይ ሊመረት የነበረው ማዳበሪያ ዛሬም በመርከብ ይመጣል።

ይኸው ድርጅት መርከብም ገዝቶ ነበር። ከኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ያገለገሉትን «አባይ» እና «አንድነት» የወሰደው ቆራርጦ ብረታቸውን ሊያቀልጥ ነበር። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰጠው መግለጫ እንዳስታወቀው፣ መርከቦቹ ከመቆረጥ ይልቅ በብዙ ወጪ እየታደሱ ለንግድ ተሰማሩ። ድርጅቱ በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ እንደ ፈጸመም በዚያው መግለጫ ተነግሯል። ይህ ሁሉ የተነገረው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ቁጥጥር ሳይቃጠል በቅጠል ካልሆነ የጥፋት ዝርዝር ከማንበብ አያልፍም።

የባሕር ኃይላችን የራሱ ታሪክም የሚመክረን አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲመሠረት ምፅዋ ላይ ኮሌጅ ከፍቶ መኮንኖቹን ማሠልጠን የጀመረው ከመነሻው ነበር፤ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ዋና መርከቡ ከአሜሪካ የተገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ተያዘች። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ የቀሩት መርከቦች ወደ ጎረቤት አገሮች ሸሹ፤ በመጨረሻም ለሐራጅ ቀረቡ። መርከቦቹ ዋጋ ወጣላቸው። የተበተነው ባሕረኛ ግን፣ አገር ብዙ ወጪ አውጥታ ያስተማረችው ሙያተኛ፣ ያለ ሥራ ቀረ። አገሪቱ ከዓመታት በኋላ ባሕር ኃይል ልመሥርት ስትል ያጣችው ትልቁ ሀብት ያ ዕውቀት ነበር።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ኃይሉ እንደገና እየተደራጀ ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። በታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ገና ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ባሕር ኃይል ሰፈር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው በአንካራ ከሶማሊያ ጋር ሌላ የስምምነት መግለጫ ወጣ። ወደቡ ገና በድርድር ላይ ነው። ወደብ ያልያዘች አገር ዛሬ መርከብ ብታከማች ማቆሚያ ትከራያለች፤ ባሕረኛ ብታሠለጥን ግን ዕውቀቱ የትም ቢሆን የራሷ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን የባሕር መሐንዲሶች በውጭ መርከቦች ተቀጥረው መሥራታቸው ይህን ያረጋግጣል።

በሌላ ወገን የሚነሣውን ክርክር አንንቀውም። የመከላከያ ወጪ ሁሉ በአደባባይ አይዘረዘርም፤ ጠላት የሚያነበው ነገር አለ። ልክ ነው። የመድፍ ብዛት ምሥጢር ይሁን። የቆሰለ ባሕረኛ የታከመበት ወጪ፣ በበዓል ተረኛ የነበሩት ያገኙት ምትክ ፈቃድ፣ የአንድ ግዥ ጨረታ ወጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን ለየትኛው ጠላት ምን ይጠቅማል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን ያዘዘው ሠራዊቱ ተጠሪነቱ ለሕዝብ መሆኑን ለማሳየት ነው። በሜቴክ ጊዜ ምሥጢር የሚለው ቃል የጠበቀው አገርን አልነበረም፤ ብክነትን ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። የመከላከያ ሚኒስቴር በበዓል ቀን ለግዳጅ የሚጠራ የሠራዊት አባል በስንት ቀን ውስጥ ምትክ ፈቃድ እንደሚያገኝ በደንብ ይወስን፤ ተከታታይ ሁለት ዓመታት አንድ ሰው ለአንድ በዓል እንዳይጠራም ተራ ይውጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመከላከያን በጀት ሲያጸድቅ ለሰው የሚወጣውንና ለመሣሪያ የሚወጣውን ለይቶ ይጠይቅ። ዋናው ኦዲተር የባሕር ኃይሉን ትልልቅ ግዥ ከክፍያ በፊት ያለ ገደብ ይመልከት፤ ምሥጢር የሆነውን በዝግ ስብሰባ ለምክር ቤቱ ኮሚቴ ያቅርብ። በያዩ የወጣው ገንዘብ የት እንደ ገባ ደግሞ ለያዩ ሕዝብ በያዩ ተሰብስቦ ይነገረው።

ይህ ሲሟላ ለመርከብ የሚወጣውን እያንዳንዱን ብር ይህ ጋዜጣ በደስታ ይደግፋል። እስከዚያው ግን ፍርዳችን አይለወጥም። አንዲት የጎሬ እናት የልጇን የበዓል ድርሻ ለአገር ስትሰጥ ደረሰኝ አልጠየቀችም፤ ገንዘቧን የሚያወጣው መንግሥት ግን ደረሰኙን ያሳያት!