የሶፍትዌር ትርጉም፦ ከደቦ ወደ ዕድር

አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በተጠናቀቀ ማግስት ሥራው አበቃ ማለት ይቻላልን? ብዙዎቻችን «አዎን» የምንል ይመስለኛል። መጽሐፍ ተተርጉሞ ከታተመ በኋላ ተርጓሚው ብዕሩን አስቀምጦ ሊያርፍ ይችላልና። ሶፍትዌር ግን የመጽሐፍ ጠባይ የለውም። በየጊዜው ይታደሳል፤ አዳዲስ ክፍሎች ይጨመሩበታል፤ የቆዩትም ይለወጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሶፍትዌርን በአማርኛ የማቅረብ ጥረታችን በተደጋጋሚ ተጀምሮ የሚቀዘቅዘው ዕውቀትና ፍላጎት ስላነሰን ሳይሆን አደረጃጀታችን ከሥራው ጠባይ ጋር ስላልተስማማ መሆኑን ማሳየት፣ መፍትሔ የሚመስለኝንም መጠቆም ነው።

ክፍት ምንጭ ሲባል

ማንኛውም ፕሮግራም በሰው የተጻፈ የትእዛዝ ጽሑፍ አለው፤ ይህም ምንጭ ኮድ ይባላል። አብዛኞቹ የንግድ ሶፍትዌር አምራቾች ይህን ጽሑፍ በምስጢር ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የጂኤንዩን እቅድ ይፋ ሲያደርግ፣ ፕሮግራሙን የሚጠቀም ሰው ሁሉ ምንጩን የማንበብ፣ የመለወጥና ለሌላው የማካፈል መብት ሊኖረው ይገባል የሚል መርሕ ይዞ ተነሣ። በ1991 ደግሞ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለሕዝብ አቀረበ። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በዓለም ፈጣን በሚባሉት 500 ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ የሚገቡት ሁሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። እኔም ውጭ ሀገር ለዶክትሬት በተማርኩበት ላቦራቶሪ የሙከራ ውጤቶቻችንን የምንመረምረው በዚሁ ሥርዓት ነበር፤ ከየሀገሩ የመጡ ባልንጀሮቼም የኮምፒውተሩን መልእክት በየቋንቋቸው ሲያነቡ አስተውል ነበር።

የክፍት ምንጭ ትልቁ ጥቅም ነጻ መሆኑ ብቻ አይደለም። ለትርጉም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1998 የአይስላንድ ሰዎች ዊንዶውስ በቋንቋቸው እንዲቀርብላቸው ሲጠይቁ ማይክሮሶፍት ገበያው አነስተኛ ነው በማለት አንገራግሮ ነበር። ኋላ ላይ ከመንግሥታቸው ጋር ስምምነት ቢደረስም፣ ጥያቄው ከኩባንያው በጎ ፈቃድ ውጭ መፍትሔ አልነበረውም። ክፍት ምንጭን ለመተርጎም ግን የገበያ ስፋት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሠራተኛ እጅ ነው።

እስካሁን የተሠራው

በእኛ ሀገር መሠረቱ አልተጣለም ማለት አይቻልም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላችን የራሱን ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል በ345 ምልክቶች ሲያካትት ይህ የባቢሎን ዘመን ማብቂያው ተቃረበ። ለዚህ ደረጃ መዳበር ከደከሙት መካከል ዳንኤል ያዕቆብ ይገኝበታል። ከስሙ ጋር የሚነሣው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለሊኑክስ የአማርኛን የወራትና የቀናት ስሞች፣ የገንዘብና የቁጥር አጻጻፍ ደንቦች አዘጋጅቶ አበርክቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 የወጣው ዴቢያን 5.0 በ63 ቋንቋዎች ሊጫን የሚችል ሲሆን፣ አማርኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ይህ ሁሉ የጥቂት ፈቃደኞች ድካም ውጤት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዴቢያን ትርጉማቸው ያልታደሰ ቋንቋዎችን ከመጫኛው ዝርዝር ያወጣል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግማሹ በአንድ ቋንቋ፣ ግማሹ በሌላ የሚናገር መጫኛ ተጠቃሚውን ስለሚያደናግር ነው።

የትርጉም ግማሽ ዕድሜ

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ፕሮግራም 10,000 መልእክቶች አሉት እንበል። መልእክት ስል በምናሌው፣ በማስጠንቀቂያው ወይም በእገዛው ገጽ ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ሐረግ ማለቴ ነው። ሃምሳ ተማሪዎች በአንድ የእረፍት ሳምንት ተሰብስበው ሁሉንም ተረጎሙ። ፕሮግራሙ እንደ ጂኖም በየስድስት ወሩ አዲስ እትም የሚያወጣ ቢሆንና በየእትሙ ከመልእክቶቹ አንድ አሥረኛው የሚለወጥ ቢሆን፣ ከመጀመሪያው ትርጉም ከስድስት ወር በኋላ 90 በመቶ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ 81 በመቶ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 53 በመቶ ብቻ ይቀራል። ፊዚክስ የተማረ አንባቢ ይህን ከሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር መመናመን ጋር ያዛምደዋል። በዚህ ስሌት የትርጉሙ ግማሽ ዕድሜ ከሦስት ዓመት ጥቂት ያለፈ ነው። በሃምሳ ሰው ላብ የተሠራው ሥራ እነዚያ ተማሪዎች ሳይመረቁ ግማሹ ይጠፋል ማለት ነው።

አሁን ስሌቱን ገልብጠን እንመልከተው። በየስድስት ወሩ የሚለወጠው 1,000 መልእክት ነው። ስድስት ወር 26 ሳምንት ስለሆነ በሳምንት 39 ያህል ይደርሳል። ስምንት ሰዎች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ በሳምንት አምስት መልእክት ነው። አምስት አጫጭር ሐረጎች! ለሃምሳ ሰው የአንድ ሳምንት ዘመቻ የማይቻለውን ስምንት ሰው ሳይደክመው ለዓመታት ያቆየዋል።

ባላገሩ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። እህል ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ጠላው ተጠምቆ፣ እየተዘፈነ፣ ማሳው በአንድ ቀን ታጭዶ ያድራል። ሐዘን ግን ቀን ቆርጦ አይመጣም፤ ስለዚህ ለእርሱ የተበጀው ዕድር ነው። ዕድር መዝገብ አለው፤ ወርኃዊ መዋጮና ደንብ አለው፤ አባል ቢሞት ወይም ሰፈር ቢለቅ አይፈርስም። እኛ ሶፍትዌርን በደቦ ለመተርጎም ስንሞክር ቆይተናል። የሥራው ጠባይ የሚጠይቀው ግን ዕድር ነው።

ሥራው ቃል መለወጥ ብቻ አይደለም

ደንብ ያለው ማኅበር ያስፈልጋል የምለው ለቀጣይነት ብቻ አይደለም። «ክፈት» የሚለውን ትእዛዝ እንውሰድ። ይህ ለወንድ ነው። «ክፈቺ» ለሴት፣ «ይክፈቱ» ለአክብሮት ነው፤ «መክፈቻ» ቢባል ደግሞ ጾታም ማዕረግም አይነካም። አራቱም ትክክል ናቸው፤ አራቱ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሲቀላቀሉ ግን ኮምፒውተሩ ተጠቃሚውን አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ፣ አንዴ እርስዎ ይለዋል። እንዲሁም አንዱ ተርጓሚ «ፋይል»፣ ሌላው «ሰነድ»፣ ሦስተኛው «መዝገብ» ቢል ተጠቃሚው ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች የሚነገረው ይመስለዋል።

የአረፍተ ነገር አሠራርም ጣጣ አለው። እንግሊዝኛ «ገጽ 3 ከ10» በሚል ቅደም ተከተል ይናገራል። በአማርኛ «ከ10 ገጽ 3ኛው» ማለት ይቀናናል። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን የሚያስገባው ክፍት ቦታዎቹን በቅደም ተከተል እየሞላ በመሆኑ፣ ተርጓሚው የቦታዎቹን ተራ በምልክት ካላሳወቀ ኮምፒውተሩ «ከ3 ገጽ 10ኛው» ብሎ ያርፈዋል። የክፍት ቦታው ምልክት ጭራሽ ከተበላሸ ደግሞ ፕሮግራሙ ሊቆም ይችላል።

ሞክሼ ፊደሎቻችንም ለተማሪዎች ጥሩ የምርምር ርዕስ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል የመጀመሪያውን ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛውን በስድስት መንገድ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ጆሯችን አንድ አድርጎ የሚሰማው ቃል ለኮምፒውተሩ 12 የተለያዩ ቃላት ነው። አንዱን ጽፎ የሚፈልግ ሰው አሥራ አንዱን አያገኝም። ይህን የሚያቃና ፍለጋና የፊደል ግድፈት ማረሚያ መሥራት የቋንቋና የኮምፒውተር ተማሪዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ሥራ ነው።

ለማን ነው?

«በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛ ምናሌ ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከግቢ ውጭ ይገኛል። እኔ በምኖርበት በለቡ መብራት ኃይል ከመንገዱ ዳር ያሉትን የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ብንመለከት፣ ማመልከቻ፣ ውል፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የሙት ዓመት ጥሪ በአማርኛ ሲጻፍ ይውላል። ወረቀቱ አማርኛ፣ ምናሌው እንግሊዝኛ ነው። የሚጽፉት ወጣቶች ትእዛዞቹን የሚያውቋቸው በትርጉማቸው ሳይሆን በቦታቸው ነው፤ ከላይ ሦስተኛው፣ ከቀኝ ሁለተኛው እያሉ። ፕሮግራሙ ታድሶ ቦታው ሲለወጥ ሥራው ይቆማል፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣም ሳይነበብ «እሺ» ይባላል፤ የደንበኛው ሰነድ ደግሞ አንዳንዴ አብሮ ይጠፋል። የእንጀራቸው መሣሪያ የሚነግራቸውን የማንበብ መብት አላቸው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ተቃውሞ «ዛሬ ማሽን ይተረጉም የለምን?» የሚል ነው። የጉግል ትርጉም አማርኛን ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይዟል። ይሁን እንጂ ማሽን የሚማረው ሰው ከተረጎመው ነው። ኦፐስ የተባለው ለማሽን ትርጉም ጥናት የሚያገለግል የጽሑፍ ስብስብ ከጂኖምና ከኡቡንቱ በፈቃደኞች የተተረጎሙ መልእክቶችን ይዟል። ስለዚህ ዛሬ በግዴለሽነት የምንጽፈው ስሕተት ነገ ከማሽኑ አፍ ተመልሶ ይመጣብናል፤ በጥንቃቄ የምንጽፈውም እንዲሁ።

ዕድሩን እንዴት እናቁም?

በእያንዳንዱ የሳይንስ ፋኩልቲ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብም ጭምር፣ አንድ የሶፍትዌር ዕድር ቢቋቋም የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ዕድር አንድ ፕሮግራም ብቻ ይያዝ።

ሰብሳቢው የእትሞቹን ቀን ተከታትሎ ሥራውን ያከፋፍላል። ጸሐፊው የቃላት መዝገብ ይይዛል፤ «ክፈት» ይሁን «መክፈቻ» አንዴ ከተወሰነ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ለዚህም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ጥሩ መነሻ ይሆናል። ንብረት ያዡ የይለፍ ቃሎችንና ቅጂዎችን ይጠብቃል፤ እነዚህ ሁልጊዜ በሁለት ሰዎች እጅ ይሁኑ፤ አለዚያ አንዱ ተመርቆ ሲሄድ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። ለፋፊው ደግሞ አዲስ እትም ሲወጣ ለሰፈሩ ያሰማል፤ ሲመለስም የተጠቃሚዎችን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ሥራ ነው። ከጽሕፈት ቤቶቹ የሚመጣው «ይህ ቃል አልገባኝም» የሚል ቅሬታ ከማንኛውም ስብሰባ ይልቅ ትርጉሙን ያቃናዋል።

መዋጮው በሳምንት አምስት መልእክት ይሁን። ማንም የራሱን ትርጉም ራሱ አያጽድቅ፤ ሌላ አባል ይመልከተው። አራት ሳምንት የጠፋ አባል ድርሻው ያለ ወቀሳ ለሌላ ይተላለፍ። ተመራቂው ከመሄዱ በፊት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አጠገቡ አስቀምጦ ያስተምር።

ይህ ህልም እንዳልሆነ ሌሎች አሳይተዋል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የትርጉም ፕሮጀክት ኦፕን ኦፊስን በወቅቱ ለነበሩት የሀገሪቱ 11 የሥራ ቋንቋዎች አድርሷል፤ ለሥራው የገነባው ፑትል የተባለ መሣሪያም ለሌሎች ሀገሮች ተርጓሚዎች ተርፏል። የእኛም ዕድር በአማርኛ የሚወሰን አይደለም። በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በዚሁ ደንብ ሊቆም ይችላል።

ውድ አንባብያን፣ ለመጀመር የመንግሥት በጀትም የኩባንያ ስጦታም አያስፈልግም። ስምንት ሰዎች፣ አንድ ፕሮግራምና አንድ መዝገብ ይበቃሉ። ስምንት ሰው ካላችሁ የመጀመሪያውን ስብሰባ በዚህ ሳምንት አድርጉ፤ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይም የትኛውን ፕሮግራም እንደያዛችሁና ንብረት ያዦቻችሁ እነማን እንደሆኑ ጻፉ።