ጥፋቱ የመጋጠሚያው ነው

ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ በሶላር የሚሠራ መብራት ወይም ከወዳቂ ዕቃ የተገጣጠመ የድምፅ ማጉያ ሲደክም፣ ወቀሳው ቀድሞ የሚያርፈው ባትሪው ላይ ነው። «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባልና ገንዘቡ ለአዲስ ባትሪ ይወጣል። ፎርጅድ ዕቃ ገበያውን እንደሞላው አይካድም። ይሁንና በእጅ የተገጣጠመ ኤሌክትሮኒክስ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዓይነታቸው የተለያየ ብረታ ብረቶች በሚነካኩበት መጋጠሚያ ላይ ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት ሞርሴቶውን ፈትቶ ማየት ይቀድማል።

ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1800 ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ቮልታ ሁለት ዓይነት ብረታ ብረት በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ እየለየ ደርድሮ ኤሌክትሪክ አመነጨ። በመጋጠሚያ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ እርጥበቱ የጨርቁን ሥራ ይሠራል፣ ኤሌክትሮን መልቀቅ የሚቀለው ወገንም ይበላል። አልሙኒየም ወይም ዚንክ ከመዳብ ጋር ሲገጥም የሚያልቀው መዳቡ አይደለም። ዚንክ የተቀባ የብረት ቡሎን ሲፈታ ይህን ያሳያል፦ መጀመሪያ የዚንኩ ቅብ ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ ቅቡ ሲያልቅ ቡናማው ዝገት ይከተላል። ስፋትም ይወስናል፤ ትንሽ ቡሎን በሰፊ የመዳብ ላሜራ ላይ ሲታሰር ቶሎ ይበላል፣ የመዳብ ቡሎን በሰፊ አልሙኒየም ላይ ሲሆን ግን ጉዳቱ ተበታትኖ ይዘገያል።

ጉዳቱ በ12 ቮልት ላይ የሚብሰው በምክንያት ነው። የዛገ መጋጠሚያ ግማሽ ኦም ቢጨምርና 4 አምፒር ቢያልፍበት፣ 2 ቮልት እዚያው ይቀራል። ይህ ከ220 ቮልት አንድ በመቶ አይሞላም፤ ከ12 ቮልት ግን አንድ ስድስተኛው ነው። በቻርጅ ጊዜም መቆጣጠሪያው ከባትሪው የሚበልጥ ቮልት ስለሚያነብ ባትሪው ሞልቷል ብሎ ቀድሞ ይቀንሳል። በግማሽ ሆድ የሚያድር የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል።

«አዲስ ባትሪ ሲገባ ይሠራ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይሠራል፤ ነገር ግን ባትሪ የሚቀይር ሰው ጫፉን ፍቆ ሞርሴቶውን ያጠብቃልና ሳያስበው መጋጠሚያውንም ጠግኗል። «አገሩ ደጋ ነው፣ ባሕር የለም» የሚለውም አያስኬድም። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሚወርደው ዝናብ ሌላ፣ በበጋ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ብረት ጤዛ ይይዛል። ናስትሮ መጠቅለልም ውሃው አንዴ ከገባ አያስወጣውም። ተራ ስታኞም አልሙኒየም ላይ አይይዝም፤ ላዩን ወዲያው የሚሸፍነው ኦክሳይድ ይከለክለዋል። ፎርጅዱ ሽቦ እንኳ ክርክሩን ያጠናክራል፦ ብዙ ጊዜ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም በመሆኑ፣ ጫፉ ሲቆረጥ ሁለቱ ብረቶች ጎን ለጎን ተጋልጠው ይወጣሉ።

መፍትሔው የቆየ ነው። አላርም የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በ1761 መዳብ ለብሳ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመረመር የብረት ምስማሮቿ ተበልተው ተገኙ፤ የተረፉት መዳቡ የታሸገበት ወረቀት ሳይነሣ ቀርቶ ከመዳቡ የለያቸው ነበሩ። እዚህም መርሁ አንድ ነው፦ ሽቦውን ከመሰሉ ማጋጠም፤ ካልተቻለ በቆርቆሮ ብረት የተለበጠ ጫፍ መሐል ማስገባት፣ ፍቆ ማጥበቅ፣ ግራሶ መቀባት፣ ከክረምት በፊትና በኋላ ፈትቶ ማየት። ይህ የሚጠይቀው ጥቂት ብርና ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ባትሪው ሞቷል ከማለቱ በፊት በባትሪው ምሰሶና በሽቦው ጫፍ መካከል ያለውን ቮልት በሥራ ላይ እያለ ይለካ፤ ደንበኛውም ያንን ቁጥር ሳያይ ለአዲስ ባትሪ አይክፈል።